ከመወርወር በፊት መጣል ይለመድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡና ጋር የማነብ ጡረተኛ ነኝ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን ብዕር ያስነሳኝ በአንባቢያን ገጽ ላይ የወጣው የአንድ ወላጅ ደብዳቤ ነው። ወላጁ ወጣቶች ጂም ውስጥ ኬትልቤል የሚባለውን ከባድ ብረት ወደ ላይ እየወረወሩ ሲቀልቡ አይተው ደንግጠዋል። ነገሩ የሰርከስ ጨዋታ እንጂ ስፖርት አይደለም፣ የሚመለከተው አካል ይከልክልልን ብለዋል።

ድንጋጤያቸው ይገባኛል። ልጄ ቢሆን እኔም እደነግጥ ነበር። በክልከላው ግን አልስማማም። ይህን ብረት ካወቅሁት 40 ዓመት አልፎኛል። መሀል ላይ የተቋረጠበት ጊዜ አለ፤ አልዋሽም። የእግሬ ጣቶች ግን አሥሩም በቦታቸው አሉ። እንዴት ሊተርፉ እንደቻሉ ልንገራችሁ።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ኬትልቤል ማለት ከላዩ ወፍራም ጆሮ ያለው ድቡልቡል ብረት ነው። ባለቤቴ "አፍንጫ የሌላት ጀበና" ትላታለች። እኔ የምጠራት በሩሲያ ስሟ ነው፤ ጊርያ። መጀመሪያ የሰማሁት ስም እሱ ስለሆነ አፌ አልለቅ ብሎታል። ከዱምቤል የምትለየው በአንድ ነገር ነው። የዱምቤል ክብደት ከመዳፍ ግራና ቀኝ እኩል ይቀመጣል። የጊርያ ክብደት ግን ከእጅ ውጪ ነው፤ ከጆሮዋ በታች ተንጠልጥሎ። ስለዚህ ትወዛወዛለች፣ ትሽከረከራለች፣ ትገለበጣለች። ዱምቤል እሺ ባይ ነው። እሷ የራሷ ጠባይ አላት።

የተዋወቅነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት መስከረም ላይ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄድኩ። ያኔ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወጣት ይሄድ ነበር። የደረሰኝ የአፈር ሳይንስ ነው፤ ከተማዬም ቮሮኔዥ። አገሬ በድርቅ ስትቆላ እኔ ስለ አፈር ልማር ሄድኩ። የቮሮኔዥ ሰዎች በጥቁር አፈራቸው ይኮራሉ። ቼርኖዚዮም ይሉታል። እኔ የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም። ክረምታቸው ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ከአልጋ መውረድ አስጠላኝ።

የመኝታ ሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮሪደሩን በር ከፍቶ የሚይዘው አንድ ጊርያ ነበር። ዝገት የበላው፣ ሆዱ ላይ 16 የሚል ቁጥር ያለበት። እኔ ለበር ተብሎ የተሠራ መስሎኝ ነበር። አንድ ክፍል የምንጋራው ልጅ ከገጠር የመጣ ሩሲያዊ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩን ያለ ማቆሚያ ትቶ ብረቱን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን በመስኮት አየሁት። በረዶው ላይ ቆሞ ብረቷን በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ ያሳልፍና ወደ ፊት ያወዛውዛታል፤ ደረቱ ጋ ስትደርስ ይለቃታል። አየር ላይ አንድ ጊዜ ትገለበጣለች። በሌላ እጁ ይቀልባታል። አምስት፣ ስድስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ አንዱን ሳተው። ብረቷ በረዶው ውስጥ ድፍ አለች። እሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቁ ነው ከአልጋ ያስወረደኝ።

በማግሥቱ አብሬው ወረድኩ። ብረቷን ሰጠኝና እንዴት እንደማወዛውዛት አሳየኝ። ከዚያ "ብሮሳይ!" ብሎ ጮኸ። ብሮሳይ ማለት ወርውር ማለት ነው፤ ያን ያህል ሩሲያኛ ገብቶኛል። ወረወርኩ። ልቀልብም ሞከርኩ። የመሀል ጣቴ ጆሮዋ ላይ ተሰነቀረና ለሦስት ሳምንት እስክሪብቶ መያዝ አቃተኝ። በኋላ ነው የገባኝ። በሩሲያኛ መወርወርም መተውም አንድ ቃል ነው። እሱ ይል የነበረው "ልቀቃት፣ ትውደቅ" ነበር። እኛስ ብንሆን "ጣል" ስንል ሁለቱንም አይደል የምንለው? አንድ ወር ሙሉ ያስተማረኝ መጣል ብቻ ነው። ሌላ ነገር እንድሞክር አልፈቀደልኝም።

ስለ ክብደቷ አንድ ነገር ልበል። የአጋሮ ልጅ ነኝ። አባቴ ቡና በፈረሱላ ሲመዝን እያየሁ ነው ያደግኩት። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሩሲያውያን ደግሞ ፑድ የሚባል የድሮ መለኪያ አላቸው፤ 16 ኪሎ ከ380 ግራም። ጊርያ መጀመሪያ ስፖርት አልነበረችም። ገበያ ላይ እህል የሚመዘንባት የሚዛን ብረት ነበረች። ጆሮ የተበጀላትም ለማንሳት እንድትመች ነው። ነጋዴውና ተሸካሚው ማን ብዙ ጊዜ ያነሳል እያሉ ሲፎካከሩ ወደ ጉልበት ጨዋታ ዞረች። ዛሬ 16፣ 24 እና 32 ኪሎ የሚባሉት ከአንድ ፑድ፣ ከአንድ ተኩል እና ከሁለት ፑድ የመጡ ናቸው። አባቴ ይህን ብነግረው "ታዲያ ሚዛን ለመወርወር ነው ባሕር ማዶ የሄድከው?" ይለኝ ነበር።

ወደ ሰርከሱ ልመለስ። ወላጁ እውነታቸውን ነው፤ ብረት እየወረወሩ መቅለብ ከሰርከስ የመጣ ነው። ሩሲያ ውስጥ ፒዮትር ክሪሎቭ የሚባል የሰርከስ ጉልበተኛ ነበር። "የጊርያ ንጉሥ" ይሉታል። ግን በዚያው ዘመን ሌላም ሰው ነበር። ዶክተር ቭላዲስላቭ ክራየቭስኪ ይባላል፤ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በሴንት ፒተርስበርግ ክብደት የሚያነሱ ሰዎችን ሰብስቦ ክበብ አቋቋመ። በኋላ በትግል ዓለምን ያስደነቀው ጆርጅ ሃከንሽሚት እሱ ጋ ነው የሠለጠነው። ሐኪሙና የሰርከሱ ሰው አንድ ዓይነት ብረት ነበር የሚያነሱት። በሰርከስማ እኛም የምናፍርበት ነገር የለንም። ጅማ ያደጉት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ በውርወራ ጥበብ እንግሊዝ ድረስ ሄደው ሰርከስ አቢሲኒያን መሥርተዋል። የአገሬ ልጆች ስለሆኑ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

የውድድሩ ጊርያ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያው የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮና በሊፔትስክ ተካሄደ። ሊፔትስክ ለቮሮኔዥ ጎረቤት ናት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ውድድሩ ላይ መወርወር የለም። 10 ደቂቃ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብረቱን መሬት ሳታስነካ ስንት ጊዜ ከራስህ በላይ እንደምታነሳ ይቆጠራል። ለማየት ቀላል ይመስላል። አራተኛው ደቂቃ ላይ ግን ነፍስህ አፍህ ላይ ትደርሳለች።

ትምህርቴን ጨርሼ በ1982 ዓ.ም. ተመለስኩ። ጊርያዋን ላምጣ ብል አውሮፕላኑ የፈቀደልኝ ኪሎ በመጻሕፍት ሞልቷል። አዲስ አበባ ከአክስቴ ጋር ጉለሌ ነበር የምኖረው። አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ በወረቀት ሥዬ አሳየሁት። ወፍራም ቱቦ ቆርጦ አሸዋና ቁርጥራጭ ብረት ሞላበት፤ የጎበጠ ፌሮ ከላይ በየደለት። መልኳ ያስጠላ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ልጄ ወደድኳት። ለሁለት ወር ሠራሁባት። ሦስተኛው ወር ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሳወዛውዛት ብየዳው ለቀቀ። ጆሮዋ እጄ ላይ ቀረ። ሆዷ በረረች። የአክስቴ የጠላ ጋን ላይ አረፈች።

አክስቴ ብዙ አልተናገሩም። ጠላው ግቢውን ሲያጥለቀልቀው እያዩ "ሩሲያ ልከን ያስተማርንህ ጋን እንድትሰብር ነው?" ብቻ አሉኝ። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ያወሩ ነበር።

ስለዚህ ይህን ለወጣቶች አደራ እላለሁ። የተበየደ ጆሮ ያለው ብረት አትወርውሩ። አታወዛውዙም። ጆሮዋና ሆዷ አንድ ላይ ቀልጦ የተፈሰሰ መሆን አለበት። ዛሬም አንዳንድ ቦታ የተበየደ አያለሁ። ዝም ብሎ ለመሸከም ይሁን፤ ለውርወራ ግን ጋን ሰባሪ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ፣ ትዳር፣ መስክ። ብዙ ዓመት ጊርያ ሳልነካ ቆየሁ። በዚህ መሀል እሷ ለካ አሜሪካ ገብታለች። ሚንስክ የተወለደው አሠልጣኝ ፓቬል ጻጹሊን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለአሜሪካኖች በሰፊው አስተዋወቃትና ኬትልቤል ሆና ዓለምን ዞረች። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት አለችኝ። ልትመጣ ስትል "ምን ላምጣልህ?" ብላ ደወለች። ሰው ጫማ ያዛል፣ ስልክ ያዛል። እኔ 16 ኪሎ ብረት አልኳት። ከ23 ኪሎ ሻንጣዋ 16ቱ ብረት ሆነ ማለት ነው። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ሻንጣውን ከፍቶ ብረቷን አየ፤ እሷን አየ። "እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አላት። "የወንድሜ እብደት ነው" አለችው። አሳለፋት።

ይህቺኛዋ ቢጫ ናት። የውድድር ጊርያዎች ቀለም አላቸው፤ 12ቱ ሰማያዊ፣ 16ቱ ቢጫ፣ 24ቱ አረንጓዴ፣ 32ቱ ቀይ። ደግሞም ክብደታቸው ቢለያይም መጠናቸው አንድ ነው። ይህ ለሚወረውር ሰው ትልቅ ነገር ነው። እጅ አንድ ልክ ከለመደ ኪሎ ሲጨምር አይደናገርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ባለ አንድ ጂም ውስጥ አንድ ልጅ ብረቱን እግሩ ላይ ጣለው። ዕድሜው 22 ነው። ቲክቶክ ላይ ሲወረውሩ አይቶ፣ አረንጓዴዋን አንስቶ፣ ሴራሚክ ላይ ቆሞ ሞከረ። ሁለት ጣቱ ተሰበረ፤ ሴራሚኩም አብሮ። በማግሥቱ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ ኬትልቤል መወርወር በጥብቅ የተከለከለ ነው። የሚገርመው ሴራሚኩ በሳምንቱ ተተካ። ልጁን ግን ምን ብታደርግ ኖሮ አትጎዳም ነበር ብሎ የነገረው ሰው የለም።

ጣቱ ሲድን እኅቱን አስከትሎ ቤቴ መጣ። የሠፈር ልጅ ነው፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይችላሉ አሉኝ።"

"ማን አለህ?"

"ሁሉም ሰው። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ድፍ ድፍ ሲል ይሰማል።"

ስልኩን አውጥቶ ያየውን ቪዲዮ አሳየኝ። ጥሩ ወርዋሪ ነው፤ አልክድም። 40 ሴኮንድ ሙሉ አንድም አይጥልም። ልጁን "የጣላቸው የት ሄዱ?" አልኩት። ዝም አለ። ተቆርጠው ነዋ። እንዲህ የሚወረውር ሰው አንዱን ንጹሕ ለመቅዳት ብዙ ጊዜ ጥሏል። ልጁ ያየው ግን የቀለበውን ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቷ ከእጁ ስትወጣ እግሩ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። እጁ ሊያድናት ወደ ታች ተከተላት፤ እግሩም ቦታው ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ከአንድ ሜትር ላይ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 16 ኪሎ ብረት በ16 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። ይህን በጫማ አትመልሰውም።

መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ማወዛወዙን ነው፤ ጂም ውስጥ ስዊንግ የሚሉትን። ሰው በእጁ ሊያነሳት ይሞክራል። ስህተቱ እሱ ነው። ጉልበቱ ከዳሌ ነው የሚወጣው። ወገብህን ሳታጎብጥ ዳሌህን ወደ ኋላ ትገፋለህ፤ መኪና በር በቂጥህ እንደምትዘጋው። ከዚያ ብድግ ስትል ብረቷ ራሷ ትነሳለች። እጅ ገመድ ብቻ ነው። ወገቡን የሚያመው ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጀምር። በሁለት እጅ፣ ከዚያ በአንድ እጅ። በእኔ ቤት ሕግ 100 ንጹሕ ስዊንግ ያልጨረሰ አይወረውርም።

ከዚያ መጣል። ግቢዬ ጥግ ላይ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሚሆን መሬት ቆፍሬ አፈርና አሸዋ ቀላቅዬ ሞልቻለሁ። እዚያ ላይ ታወዛውዛለህ፤ ብረቷ ወደ ፊት ወጥታ ደረትህ ጋ ስትደርስ ጣቶችህን ትከፍታለህ። ወዲያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። እጅህ አይከተላትም። ዓይንህ ግን ይከተላታል። ቀን 20 ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። ልጁ ተሰላቸ። "ጋሼ፣ መቼ ነው የምወረውረው?" ይለኛል። "እግርህ ሳታዘው ሲሸሽ" አልኩት።

እኅቱ ነርስ ናት። የመጣችው ወንድሟን ልትጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን "እስቲ እኔ ልሞክር" ብላ ሰማያዊዋን አነሳች። እውነቱን ልናገር፤ ከእሱ ቀድማ ገባት። እሱ ሲጥል ያፍራል። እሷ አታፍርም። ድፍ ስትል "ኧረ ደህና ሁኚ!" ብላ ወደ ኋላ ትዘላለች። የቮሮኔዡን ልጅ አስታወሰችኝ።

ከመጣል በኋላ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ይመጣል። ብረቷ ወደ ላይ ስትወጣ መጨረሻ ላይ አንዲት የምትቆምባት ቅጽበት አለች። አትወጣም፣ አትወርድም፤ ክብደት የላትም። ጆሮዋን ከግራ ወደ ቀኝ የምታሳልፈው ያን ጊዜ ነው። ሰው የሚጎዳው ያቺን ቅጽበት አሳልፎ፣ ብረቷ መውረድ ከጀመረች በኋላ ሲይዛት ነው። ትከሻና ክርን የሚነቅለው እሱ ነው። ከያዝካት በኋላም አታቁማት። አብረሃት ውረድ። በእግሮችህ መሀል ወደ ኋላ ትለፍ፤ እዚያ ትበርዳለች።

ከዚያ መልቀቅና በዚያው እጅ መቅለብ። ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ከእጅህ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ላይ ብትወጣ ተመልሳ እስክትመጣ ግማሽ ሴኮንድ አለህ። ግማሽ ሴኮንድ አጭር ትመስላለች። ከለመድካት ግን አፍንጫህን ታክክባታለህ።

ግልብጫው የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። ምሥጢሩ አንድ ነው። ብረቷ ወደ ላይ እየወጣች ሳለ፣ ልትለቃት ስትል፣ ጆሮዋን በጥቂቱ ገታ ታደርጋለህ። ፈረስ በልጓም ገታ እንደሚደረገው። ሆዷ ግን ጉዞዋን አታቆምም። ወደ ላይ ትነሳና ወደ አንተ ትገለበጣለች። አንድ ዙር ስትጨርስ ጆሮዋ ተመልሶ እጅህ ፊት ይመጣል። ጠንከር አድርገህ ከገታህ አንድ ዙር ተኩል ትዞራለች፤ የሚመጣልህም ጆሮዋ ሳይሆን ሆዷ ነው። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? መጣል ነዋ! ለዚህ ነው 20 ጊዜ በቀን ያስጣልኳቸው።

በጣም ቀላል ብረትም አይመከርም። ልጁ እጁ ስለፈራ 8 ኪሎ ለምኖ ነበር። 8 ኪሎ እንደ እንዝርት ትሾራለች፤ ጣት ትመታለች። ለጎልማሳ ወንድ ከ12 እስከ 16 ኪሎ ተረጋግታ ትዞራለች። ቀለበት ይወልቃል። የጋብቻውም ጭምር። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የማወልቀውን ቀለበት ከስኳር ዕቃው ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ሻይ ሳልጠጣ እንዳልወጣ። መዳፍ ላይ የሚደድረውን ቆዳ ደግሞ በተረከዝ መፈተጊያ ድንጋይ ማለስለስ ነው። ካላለሰለሱት ተነስቶ ይቀደዳል። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ሽሮ በማንኪያ መብላት ነው።

ከግልብጫ በላይ ያለው ብዙ ነው። እንደ ሄሊኮፕተር በጎን ማሽከርከር፣ በእግር ሥር ማሳለፍ፣ ከጀርባ አዙሮ መቀበል፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መቀባበል። ከጀርባ የማሳለፉን ነገር እኔ በ50 ዓመቴ ተውኩት። ወርዋሪዎች የሚንቁትን የማንሳት ሥራ ግን አልተውም። ስናች የሚባለው አለ፤ ብረቷን ከእግር መሀል በአንድ ጉዞ ከራስ በላይ ማድረስ። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ቦታ የኬትልቤል አሠልጣኝ ለመሆን 24 ኪሎውን በ5 ደቂቃ 100 ጊዜ ስናች ማድረግ ይጠየቃል። 52 ዓመቴ ላይ በተውሶ ብረት ሞከርኩት። 71 ላይ እጄ ከፈተ። ብረቷ የት እንደወደቀች አልነግራችሁም፤ ጋን ግን አልነበረም። ከመሬት ተኝቶ ብረት ከራስ በላይ ይዞ መነሳትም አለ፤ ተርኪሽ ጌት አፕ ይሉታል። የነርሷን ትከሻ ያጠነከረው እሱ ነው እንጂ ውርወራው አይደለም። ትከሻው ያልጠነከረ ሰው ጥሩ ቢቀልብም ዕድሜ የለውም።

የአፈር ባለሙያ ስለሆንኩ ስለ መሬቱ አንድ ነገር ካልጨመርኩ አይሆንልኝም። ለውርወራ ሁሉም አፈር አይሆንም። መረሬ በበጋ ይሰነጣጠቅና ድንጋይ ይሆናል፤ ብረቷ ነጥራ ቁርጭምጭሚት ትመታለች። በክረምት ደግሞ ጭቃ ሆኖ ሰው ያንሸራትታል፤ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም። ሣር ጥሩ ነው፤ ግን በወሩ ያልቃል። ጎማ ምንጣፍ ብረቷን ወዳልታሰበ ቦታ ያነጥራታል። ከሁሉም የተሻለው አሸዋ የተቀላቀለበት ቀይ አፈር ነው። ሳምንት ሳምንት በአካፋ ማላላት። ብረቷ ስትወድቅ ግማሽ ሆዷ ሰምጦ እዚያው ትቀራለች።

ልጁና እኅቱ አሁን አምስት ወር ሆናቸው። ሁለቱም ይገለብጣሉ። እርስ በርስ መቀባበል ጀምረዋል። እስከ ዛሬ የተጎዳ የለም። በዚህ አምስት ወር አፈሩ ላይ ስንት ጊዜ እንደጣሉ ግን አልቆጠርኩም።

ይህን አይቼ ጂሙ ድረስ ሄድኩ። ባለቤቱን በትሕትና አነጋገርኩት። ጓሮው ላይ ባዶ ቦታ አለ። እኔ ራሴ ልቆፍር፣ አፈሩንም አሸዋውንም እኔ ልሙላ አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ይቀየርና ውርወራ ጓሮ ብቻ ይባል። ጀማሪ ሁለት ሳምንት መጣል ይማር፤ ለማስተማሩም እኔ አለሁ፣ በነፃ። ሰውየው ጨዋ ነው። ሻይ አስመጣልኝ። ካዳመጠኝ በኋላ "አባባ፣ ያ ቦታ ለመኪና ማቆሚያ ታስቧል" አለኝ።

እኔ የጠየቅኩት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። ቪትዝ እንኳ አይገባበትም።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የአፈር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ